ሦስቱ ነጥቦች

[ዘመኑ ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.። ቦታው ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ያለ የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል። ከመስተዋቱ ግድግዳ ማዶ ሦስት ቁም ሣጥን የምታህል ኮምፒውተር ጸጥ ብላ ቆማለች። የተገዛችው በስልሳ ሁለት ስለ ሆነ ሠራተኛው «ባልቴቷ» ይላታል። መረጃ የተበሳበትን ካርድ በሚስበው ክፍሏ ውስጥ ያለው የነሐስ ቀለበት ከተበላሸ ጀምሮ የገባላትን ካርድ ሁሉ እየቀረጠፈች ትተፋለች፤ ከቆመች ሦስት ወር ሆኗታል።

ዓለምሰገድ የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ አርባ ዓመቱ፤ ውጭ አገር የተማረ፤ ይህንንም የማያስረሳ። ገረመው በድርጅቱ ጋራዥ በቶርኖ ማሽን ብረት የሚቀርጽ ሠራተኛ ነው፤ ሃምሳ አምስት ዓመቱ፤ ለመቀመጥም መልስ ለመስጠትም የማይቸኩል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ጠረጴዛው ላይ አራት አዲስ የነሐስ ቀለበቶች ተደርድረዋል።]

ዓለምሰገድ፦ አልቀበልም! ይህ ክብ ነው።

ገረመው፦ አዎ፣ ክብ ነው።

ዓለምሰገድ፦ ፍጹም ክብ ነው!

ገረመው፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ዓለምሰገድ፦ እያመሰገንሁህ አይደለም፤ ጥፋትህን እየነገርሁህ ነው።

ገረመው፦ [ቀለበቱን አንሥቶ በቀዳዳው እያየው] ቀለበት ክብ ካልሆነ ምን ይሁን፣ አቶ ዓለምሰገድ?

ዓለምሰገድ፦ ሥዕሉን ሰጥቼሃለሁ። ሥዕሉ ምን ይላል? የቀዳዳው ስፋት በአንድ ወገን ዐሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር፣ በሌላው ወገን ዐሥራ ስምንት ነጥብ ሦስት። ሞላላ ነው! እንቁላል ነው!

ገረመው፦ አይቼዋለሁ። መቼም እጅዎ ተንቀጥቅጦ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ዓለምሰገድ፦ የኔ እጅ? በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በሦስት የተለያዩ መለኪያዎች ለክቼዋለሁ።

ገረመው፦ እንግዲያው አሮጌው ተበልቷል። ዘንጉ ወደ አንድ ወገን ሲጫነው ጊዜ...

ዓለምሰገድ፦ ሦስት ወር ሙሉ «ተበልቷል፣ ተበልቷል»! ሌላ ቃል አታውቅም? የፋብሪካ ሥራ አይበላም። ሞላላነቱ በጥልቅ ጥናት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ነሐስ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ወደ ክብነት ይመጣል። ሠሪው ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በጥናቴ ገጽ አራት ላይ አስረድቻለሁ።

ገረመው፦ ታዲያ ለምን ካርድ ትቀረጥፋለች?

ዓለምሰገድ፦ ምን አልህ?

ገረመው፦ አሮጌው እንደዚያ ታስቦበት የተሠራ ከሆነ፣ ለምን ካርድ ትቀረጥፋለች?

ዓለምሰገድ፦ [ጥናቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ] ይህ ከገጽ አራት ውጭ የሆነ ጥያቄ ነው።

[ገረመው ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ከኪሱ የቁልፍ መያዣውን አውጥቶ በጣቱ ያሽከረክራል። ቁልፎቹ የተንጠለጠሉት አንድ ቦታ ላይ በተሰነጠቀ አሮጌ የነሐስ ቀለበት ነው። ይንቃጨላሉ።]

ዓለምሰገድ፦ እባክህ ያንን ኮተት አቁምልኝ! ስነጋገር አእምሮዬን ይበትነዋል። ደግሞስ ተመልከተው፤ ስንጥቅ ነው። ይኸው ነው እንግዲህ የኛ አገር ሥራ፤ ቁልፍ እንኳ በወጉ አይዝም።

ገረመው፦ ይቺ እንኳን የኔ ሥራ አይደለችም።

ዓለምሰገድ፦ የማንም ትሁን። ዓይነቱ አንድ ነው፤ ጠባይ የለው፣ ልክ የለው። ኪስህ ክተተው።

ገረመው፦ [እየከተተ] እሺ። ግን ዛሬ ኮሚቴው ይመጣል አሉ።

ዓለምሰገድ፦ በአራት ሰዓት፤ ሊቀ መንበሩ ጓድ ገብረአምላክ ራሳቸው። የጻፉትን ደብዳቤ አላየህም? «የውጭ ምንዛሪ የለም። ክፍሉ በአገር ውስጥ የተሠራውን ቀለበት ይቀበል፤ አለዚያ ማሽኗ ለብረት ማቅለጫ ትላክ፤ ክፍሏም ለውይይት ክበብ ትዋል።»

ገረመው፦ ወይዘሮ ለተብርሃንስ? ከእርሳቸው ጋር ካርድ የሚበሱት ልጆችስ?

ዓለምሰገድ፦ የክፍሉ ሠራተኞች ዐሥራ አንዱም ይበተናሉ። እኔም ወደ አንዱ የእርሻ ድርጅት ተልኬ ከረጢት እቆጥራለሁ። በዩኒቨርሲቲ ስድስት ዓመት፣ ከረጢት!

ገረመው፦ እንግዲያው ከአራቱ አንዱን ይቀበሉና እንገላገል። አሁን ብንገጥመው በሃያ ደቂቃ ትነሣለች።

ዓለምሰገድ፦ መርሕስ? «በአገር ውስጥ ሊሠራ አይችልም» ብዬ ዘጠኝ ገጽ ጽፌያለሁ። ዛሬ ተሠራ ብዬ ብፈርም፣ ዘጠኙ ገጽ ምን ይሆናል?

ገረመው፦ ጀርባው ይጻፍበታል። ወረቀት ጠፍቷል ይባል የለ?

ዓለምሰገድ፦ ገረመው፣ አንተ ላይ አልፈርድብህም። አላየኸውማ። ፍጹምነትን ያላየ ሰው ከፍጹምነት ምን ያህል እንደ ራቀ አያውቅም። ለኮሚቴው ላሳየው ያዘጋጀሁትን ዛሬ አንተም እንድታየው ፈቅጃለሁ።

[ከካዝናው ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ያወጣል። ሣጥኑን ይከፍታል፤ ቀይ ከፋይ ጨርቅ ይገልጣል። በመካከሉ ጠቆር ያለ አሮጌ የነሐስ ቀለበት ተቀምጧል።]

ዓለምሰገድ፦ ከማሽኗ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ የጋራዥ እጅ እንዳይነካው ብዬ። ለዚህ ነበር ሥዕሉን ብቻ የሰጠሁህ። እጅህን ጠረግህ?

ገረመው፦ [በሱሪው እየጠረገ] ጠረግሁ።

ዓለምሰገድ፦ በሱሪህ?

ገረመው፦ ሱሪዬን ትላንት ነው ያጠብኩት።

[ገረመው በገመድ የታሰረ መነጽሩን ከአንገቱ ላይ አንሥቶ ይሰካል። ቀለበቱን መዳፉ ላይ ያኖራል። ያገላብጠዋል። ወደ መስኮቱ ሄዶ በብርሃን ያየዋል። አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እያጓራ ያልፋል።]

ገረመው፦ ይኼ ነው ዋናው?

ዓለምሰገድ፦ ይህ ነው።

ገረመው፦ ከፈረንጅ አገር የመጣው?

ዓለምሰገድ፦ ከማሽኗ ሆድ ውስጥ፣ በስልሳ ሁለት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይለወጥ ያገለገለ።

ገረመው፦ ዐሥራ ሦስት።

ዓለምሰገድ፦ ዐሥራ ሦስት! አሁን ዳሩን እይ። የመዝገብ ቁጥሩ በዘመን ብዛት ጠፍቷል፤ ነገር ግን ከቁጥር የሚበልጥ ምልክት አለ። ሦስት ነጥቦች።

ገረመው፦ [ሳል ይዞት] አየኋቸው።

ዓለምሰገድ፦ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክቻለሁ፤ እኩል ነው፤ የጸጉር ያህል አይዛነፍም። በአንተ ቀለበቶች ላይ ግን ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ባዶ ናቸው! ለስላሳ!

ገረመው፦ ነጥብ እንዳይኖርባቸው ተጠንቅቄ ነው።

ዓለምሰገድ፦ ተጠንቅቀህ! ነጥቦቹ እኮ የሦስት ተቆጣጣሪዎች ማኅተም ናቸው። አንዱ የቅይጡን፣ አንዱ የልኩን፣ አንዱ የልስላሴውን አረጋግጠው መትተዋል። ገጽ አምስት።

ገረመው፦ ሦስተኛው ጠለቅ ብሏል።

ዓለምሰገድ፦ አስተውለሃል! ሦስተኛው የዋናው ተቆጣጣሪ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው እጁ ከበድ ይላል።

ገረመው፦ እጁ ከበድ ይላል። [ቁጭ ይላል።] ይኼን ለመሥራት ስንት ጊዜ የሚፈጅ ይመስልዎታል?

ዓለምሰገድ፦ በኔ ስሌት፣ ከቁጥጥሩ ጋር ሦስት ሳምንት። ገጽ ስድስት።

ገረመው፦ ከጠዋት እስከ ቀትር አይበቃውም?

ዓለምሰገድ፦ [ይስቃል] ከጠዋት እስከ ቀትር የሚሠራው ያንተ ዓይነቱ ነው። ይህን የሠራው ሰው ሰዓት አይቶ የሚያውቅ ይመስልሃል? እኔ በዓይነ ሕሊናዬ አየዋለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሷል። እጁ ንጹሕ ነው። ከሥራው በቀር ሌላ ሐሳብ በልቡ የለም። በክፍሉ ውስጥ ዝንብ እንኳ አይበርም።

ገረመው፦ ዝንብስ ነበረ።

ዓለምሰገድ፦ ምን?

ገረመው፦ ምንም። ነሐሱስ? ነሐሱ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?

ዓለምሰገድ፦ ቅይጡ ምስጢር ነው። ቀለሙን ተመልከት፤ ቢጫነቱ ከተለመደው ነሐስ ይደምቃል። የወርቅ ዘር ሳይኖርበት አይቀርም ብዬ ጽፌያለሁ፤ ገጽ ሰባት።

ገረመው፦ እንዲያው የውሃ ቧንቧ አልመሰለዎትም?

ዓለምሰገድ፦ ቧንቧ! ወርቅ ስለው ቧንቧ ይለኛል! እኔ ስለ ሥልጣኔ እየተናገርሁ አንተ ስለ መጸዳጃ ቤት ታስባለህ። ለዚህም ነው ገጽ ዘጠኝን የጻፍሁት። ስማ። [ያነብባል] «ይህን ቀለበት የሠሩት ታላቅ ባለሙያ በክብር ይጋበዙ። በቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ የአበባ ስጦታና አቀባበል ይደረግላቸው። ለሦስት ወርም ሠራተኞቻችንን ያሠልጥኑ። ከሠልጣኞቹ መካከል የቶርኖ ሠራተኛው ገረመው፣ ዕውቀቱ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ ይደረግ።»

ገረመው፦ ከፊት ወንበር።

ዓለምሰገድ፦ በደንብ እንድትሰማ ብዬ ነው፤ ለራስህ ጥቅም።

ገረመው፦ ገባኝ። ኮሚቴው አንብቦታል?

ዓለምሰገድ፦ ከዘጠኙ ገጽ ጓድ ገብረአምላክ የወደዱት ይህን አንዱን ብቻ ነው። በቀይ እርሳስ አስምረው ዳር ላይ ምን እንደ ጻፉ ተመልከት፤ «ሠሪው ሰውዬ በእጅ ከተገኘ ማሽኗ ትቆይ፤ ካልተገኘ ትሂድ።» ግን ከየት ይገኛል? ለሻጩ ኩባንያ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ መልስ የለም። ምናልባት ሞቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜ አይሰጠውም።

ገረመው፦ [መነጽሩን አውልቆ] በእጅ ከተገኘ ትቆያለች?

ዓለምሰገድ፦ ይላል።

ገረመው፦ እንግዲያው ያቺን ኮተት እንደገና ላውጣት ነው።

[ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። የተሰነጠቀውን ቀለበት ከከፋዩ አጠገብ ያኖራል።]

ዓለምሰገድ፦ ከዚህ ጨርቅ አርቅልኝ!

ገረመው፦ መለኪያው እጅዎ ላይ ነው። ይለኩልኝና አርቃታለሁ።

ዓለምሰገድ፦ [በንቀት ይለካል] የውጭው ስፋት ሃያ ስድስት... ሃያ ስድስት። ቁመቷ... [ያቆማል፤ እንደገና ይለካል] ቀዳዳው ዐሥራ ስምንት። በዚህም ወገን ዐሥራ ስምንት።

ገረመው፦ ክብ ነች?

ዓለምሰገድ፦ ዝም በል! ክብ ነች። [ማጉያ መነጽሩን ያነሣል፤ ዳሯን በጣቱ ያሻል] ቁጥር አለባት... ሰባት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ሁለት... ይህ የመዝገቡ ቁጥር ነው! ይህን ቁጥር በሕልሜም አውቀዋለሁ! ይህን ከየት ሰረቅኸው?

ገረመው፦ ከቆሻሻ መጣያ። በስልሳ ስምንት ማሽኗ ውስጥ ተሰነጠቀች። ያኔ እርስዎ ትምህርት ላይ ነበሩ፤ ኃላፊው አቶ መኩሪያ ነበሩ። «ጣላት» አሉኝ። ለማሽን አትሆንም እንጂ ቁልፍ ለመያዝ ደህና ነች አልኩ።

ዓለምሰገድ፦ ታዲያ... ታዲያ ይህ ከፋዩ ላይ ያለው?

ገረመው፦ እሱማ የኔ ነው።

[ዓለምሰገድ ከፋዩን ያያል፤ ገረመውን ያያል፤ ከፋዩን ያያል።]

ዓለምሰገድ፦ ነጥቦቹስ?

ገረመው፦ የቶርኖው መያዣ ሦስት መንጋጋ አለው። ዕቃው እንዳይወጋ በመካከሉ ስስ መዳብ ይደረጋል። ያን ቀን ቸኩዬ መዳቡን ረሳሁት፤ ሦስቱም ነከሱት። አንደኛው መንጋጋ ጫፉ ስለ ተሰበረ ጠልቆ ይነክሳል። ዛሬም እንደዚያው ነው፤ ጋራዥ ይምጡና ዋናውን ተቆጣጣሪ ላስተዋውቅዎት።

ዓለምሰገድ፦ ለምን ቸኮልህ?

ገረመው፦ ቅዳሜ ነበር። የጎረቤቴ የአቶ እንድሪስ ቀብር ነበረብኝ፤ የሚቀበሩት በስድስት ሰዓት። አንድ ዓይኔ ቶርኖው ላይ፣ አንድ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር። እንዲያውም እጄን ሳልታጠብ ነው የደረስኩት፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዓለምሰገድ፦ ወርቁስ? ቅይጡስ?

ገረመው፦ ገርጂ አካባቢ ከፈረሰ ቪላ የመጣ የገላ መታጠቢያ ቧንቧ ነው። ቀይ ምልክት ያለበት በኩል።

ዓለምሰገድ፦ [ወንበሩ ላይ ይወድቃል] ሙቅ ውሃ።

ገረመው፦ ሙቅ ውሃ። ነሐሱ ግን ጥሩ ነበር፤ ይኼን አልዋሽም። ሥራው ነው የሚያሳፍረው። ዛሬ ያመጣሁልዎትን አራቱን ይዩ፤ አንድ ጭረት የላቸውም። ያንን ሲያሳዩኝ ልቤ የደነገጠው ለዚህ ነው፤ እንዲያ ያለ ሥራ ለኮሚቴ ይታያል ብዬ አላሰብኩም።

ዓለምሰገድ፦ ለምን አልተናገርህም? ሰባት ዓመት!

ገረመው፦ አቶ መኩሪያ «ትንፍሽ እንዳትል» አሉኝ። የሻጩ ኩባንያ ሰዎች አገር ለቀው ሄደው ነበር፤ ውላቸው ግን አልሄደም ነበር። ሌላ ሰው የሠራው ዕቃ ከገባባት ውሉ ይፈርሳል ይል ነበር። እርስዎ ሲመጡ ደግሞ የሚጠይቁኝ ስለ ሥዕሉ ብቻ ነው። ዕቃውን ካላሳዩኝ በምን አውቃለሁ፤ የኔው ኖሯል ተበልቶ ያለቀው።

ዓለምሰገድ፦ [ቀስ ብሎ ይቆጥራል] ከስልሳ ሁለት እስከ ስልሳ ስምንት፣ የፋብሪካው ስድስት ዓመት። ከስልሳ ስምንት እስከ ሰባ አምስት...

ገረመው፦ ሰባት። ከነንክሻው።

[ዓለምሰገድ ጥናቱን ያነሣል፤ ገጾቹን ይገልጣል።]

ዓለምሰገድ፦ ገጽ አራት፣ የእንቁላሉ ሳይንስ። ገጽ አምስት፣ የተሰበረ መንጋጋ ሥልጣን። ገጽ ስድስት፣ ከቀብር በፊት ያለቀ ሦስት ሳምንት። ገጽ ሰባት፣ የገላ መታጠቢያ ወርቅ። ስድስት ዓመት የተማርሁት ይህን ለመጻፍ ነው። በአራቱም ገጽ ስለ ቀለበቱ የጻፍሁት ትክክለኛ ነገር ቢኖር ልኩ ብቻ ነው፤ የሞላላነቱንም ምክንያት አንተ... እርስዎ ከሦስት ወር በፊት ነግረውኛል።

ገረመው፦ እኔንም «እርስዎ» አሉኝ?

ዓለምሰገድ፦ ገጽ ዘጠኝ ላይ «በክብር» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ወደ ኋላ አልመለስም። ስንት ሰዓት ነው?

ገረመው፦ ለአራት ሃያ ጉዳይ።

ዓለምሰገድ፦ ዝም ብንልስ? የተበላውን ሣጥኑ ውስጥ መልሰን፣ አዲሱን ገጥመን...

ገረመው፦ እኔ ሰባት ዓመት ዝም ብያለሁ፤ አይከብደኝም። ግን ጓድ ገብረአምላክ «ሠሪው ካልተገኘ ትሂድ» ብለዋል። ሠሪው ዝም ካለ ባልቴቷ ትሄዳለች፤ ወይዘሮ ለተብርሃንና ልጆቹም ይሄዳሉ።

[ዓለምሰገድ ይነሣል። ከአራቱ ቀለበቶች አንዱን መርጦ በቀዳዳው አሻግሮ ያያል። ብዕሩን ያወጣል።]

ዓለምሰገድ፦ ክብ ነው?

ገረመው፦ ክብ ነው።

ዓለምሰገድ፦ ፍጹም ክብ ነው። ተቀብያለሁ። [ይፈርማል] ይግጠሙልኝ።

[ሁለቱም ከመስተዋቱ ማዶ ይሻገራሉ። ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ይታያል፤ መፍቻውን የሚያቀብለው ዓለምሰገድ ነው። ቀጥሎ የካርዱ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያም እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ። ተመልሰው ይገባሉ። የዓለምሰገድ ነጭ እጅጌ በግሪስ ጠቁሯል።]

ገረመው፦ እንግዲህ በዚያ ወረቀት መሠረት ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ። የቦሌው አቀባበል እንዴት ይሁን? ጣቢያው ከጋራዡ አጥር ማዶ ነው፤ ሄጄ በር ላይ ልቁምና አበባውን ይዘው ይምጡ?

ዓለምሰገድ፦ ይቀልዱብኝ ጋሽ ገረመው፤ ይገባኛል።

ገረመው፦ ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ሠልጣኝስ? ማስተማሩም መቀመጡም ለኔ ከሆነ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

ዓለምሰገድ፦ እኔ እቀመጥበታለሁ። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፤ ስሙን ብቻ እለውጣለሁ።

[ከኮሪደሩ የብዙ ሰው ኮቴና የጓድ ገብረአምላክ ሳል ይሰማል። ገረመው ወረቀቱን አንሥቶ መነጽሩን ይሰካል፤ በጣቱ እየተከተለ ያነብባል።]

ገረመው፦ ከግርጌው ደግሞ «አስተርጓሚ ይመደብላቸው» ይላል። የተመደበው ማን ነው?

ዓለምሰገድ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ዓለምሰገድ ነው። እንግዳው ፈረንጅ መስሎኝ ነበር እኮ። አሁንማ ያ መስመር ይሰረዝ፤ አማርኛ ለአማርኛ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል?

ገረመው፦ ኧረ እንዳይሰርዙት። «ተበልቷል» ስልዎት እስኪገባዎት ሦስት ወር ፈጅቶብዎታል።